ካሜራው እስኪመጣ ቡናው አይነካ

ሰኞ

እሺ አለች! እትዬ አስካለ፣ የገዛ እህቴ፣ ቡና ማድረቅ ለስንቱ ጎረቤት ያስተማረች ሴት፣ "ምን አለበት፣ ሁለት ቀን ነው" ብላ እሺ አለች። ከትምህርት ቤት ወጥቼ በባጃጅ አማን ድረስ የሄድኩት ይህን ልሰማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረቡዕ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሏል። ባለሥልጣን ብቻ ቢሆን ደህና፣ ለምደነዋል። ተዋናይ ነው። በየሳምንቱ ድራማ ላይ ሚስቱን የሚያታልለው ሰውዬ። አሁን "የቡና አምባሳደር" ሆኗል። ከቴሌቪዥን ጋር መጥቶ ከአማን መውጫ ያለውን የእትዬን ቀበሌ ያስቀርፃል። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ምትኩ ጠዋት በየደጁ ዞረው ትእዛዝ ሰጥተዋል፦

- መንገድ ዳር ያሉት የማድረቂያ አልጋዎች እስከ ጠርዛቸው በቡና ይሞሉ።
- ጓሮ ያለው ቡናም ወደ መንገድ ዳር ይምጣ።
- ካሜራው መጥቶ እስኪሄድ ማንም እንዳያገላብጥ፣ ሸራም እንዳያለብስ። "ሸራ ገጽታ ያበላሻል።"

እዚህ አገር ሕፃን የሚያውቀውን ነገር እኔ ልጻፈው፦ የተለቀመ ቀይ ቡና አልጋ ላይ ሳሳ ብሎ ይሰጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይገላበጣል። ከተከመረ ይሞቃል፤ ከሞቀ ይሻግታል። አቶ ምትኩ ይህን አያውቁም? የራሳቸው ቡና እዚያው መንገድ ዳር አለ እኮ! ግን ዓምና የጎረቤት ቀበሌ ቡና በደንቡ ሳስቶ ተሰጥቶ በዜና ታየ። አንድ የበላይ አካል ዜናውን አይተው "ምርቱ ምነው ቀነሰ?" ብለው ደወሉ። የዚያ ቀበሌ ሊቀ መንበር ወንበራቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ ቡና የሚሰጣው ለፀሐይ ሳይሆን ለካሜራ ነው።

እትዬን ለመንኳት። ዘንድሮ የገበሬዎቹ ማኅበር በልዩ ደረጃ ቡናቸውን ከሚቀበላቸው ሰዎች ዝርዝር ገብታለች፤ ለዚያ ሦስት ዓመት ደጅ ጠንታለች። የማኅበሩ ተቆጣጣሪ የፊታችን ሰኞ መጥቶ አልጋዎቹን ያያል። ሻጋታ ከሸተተው ስሟ ይሰረዛል።

"ረቡዕ መጥተው ይሄዳሉ፤ ሐሙስ በትኜ አደርሰዋለሁ" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ደግሞ እሱን ልጅ በአካል ባየው ደስ ይለኛል" አለች። ድራማውን አንድ ሳምንት አስተጓጉላ አታውቅም። ምን ልበላት?

ማክሰኞ

ዛሬ በዜግነት ትምህርት የደረስኩበት ምዕራፍ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የመገናኛ ብዙኃን ሚና። "እውነተኛ መረጃን ለሕዝብ ማድረስ" ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ ፈተና ላይ መጽሐፉ ያለውን ነው የምንጽፈው ወይስ ያየነውን?" አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም "መጽሐፉን" አልኳትና ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ከወረዳ ኮሙኒኬሽን የተላከች ባለሙያ ናት። ካሜራ ፊት የምትናገረው አርሶ አደር እትዬ እንድትሆን ተመርጣለች፤ "መምህር ስለሆኑ ንግግሯን እርስዎ ቢያሰናዱላት" አለችኝ። ልትናገር የሚገባት ቃላትም በመልእክት ተላኩልኝ። ምርታማነት። ተጠቃሚነት። በተሰጠን ትኩረት። የገጽታ ግንባታ።

አልጽፍም ማለት ነበረብኝ። ጻፍኩ። ራሴን ያታለልኩበት ምክንያት ይኸው፦ እኔ ከጻፍኩት አጭር ይሆናል፣ ቀረፃው ቶሎ ያልቃል፣ ቡናው ቶሎ ይበተናል። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ "በተሰጠን ትኩረት ምርታችን ከአልጋችን ሞልቶ ፈሷል" ይላል። ሳነበው ጥሩ አማርኛ ነው፤ አሁን እዚህ ስገለብጠው እንኳ አፈርኩ።

ረቡዕ

አልመጡም።

ሴቶቹ የባህል ልብስ ለብሰው፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጥበው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆመዋል። በአምስት ሰዓት "ቴፒ ደርሰዋል" ተባለ። በስምንት ሰዓት "ቴፒ ምሳ ተጋብዘዋል"። በአሥር ሰዓት "ነገ ነው"። አንድም ሰው ይቅርታ አላለም። ይቅርታ የሚባለው ቀጠሮ ያለው ሰው ነው፣ እኛማ ቀድሞም የቆምነው ለጌጥ ነው።

እትዬ ንግግሩን ሸምድዳዋለች። ስታጠናው ሰማኋት፤ "ተጠቃሚነት" ላይ ምላሷ ይተሳሰራል። ወደ አልጋው ጠጋ ብዬ እጄን ክምሩ ውስጥ ከተትኩ። ለብ ብሏል። "እትዬ፣ ሙቀት ጀምሯል" አልኳት። "አውቃለሁ፣ እኔም ነክቼዋለሁ" አለችና ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ዘነበ። ሸራ ማልበስ ክልክል ነው። ዝም ብለን ቆመን አየነው።

ሐሙስ

ዛሬ ደሜ ፈላ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ አስይዤ አማን ሄድኩ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ የእትዬን አልጋ ማገላበጥ ጀመርኩ። ከታች ያለው ቡና መጠጥ መጠጥ ይሸታል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። አንዱን አልጋ እንኳ ግማሽ ሳላደርስ አቶ ምትኩ እየሮጡ መጡ።

"መምህር! ምን እያደረግክ ነው? ገደል ልትከተኝ ነው?"

"ቡናው እየሞተ ነው፣ አቶ ምትኩ!"

"ሁለት ሰዓት ቀርቷቸዋል። ተርጫ አይደለም ያሉት፣ ማሻ አይደለም፣ እዚሁ ሚዛን ከተማ ሆቴል ገብተዋል። አሁን ሳስቶ ቢያገኙት ለማን ልንገር?"

ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ አንድ የሚያግዘኝ ጠፋ። ከዚያ አቶ ምትኩ ቀረብ ብለው፣ ቁጣም ባልሆነ ድምፅ፣ "አንተ እኮ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፤ ልጆች አሉህ" አሉኝ። ማስፈራሪያ ይሁን ምክር አልገባኝም። እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ "ተከራክሬ ተረታሁ" እል ነበር። አልተከራከርኩም። ፈራሁ።

ሁለት ሰዓት የተባለው አለፈ። ሆቴላቸው ውስጥ ስብሰባ ነበራቸው አሉ።

ዓርብ

መጡ! ሰባት መኪና። የቆዩት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፣ በሰዓቴ ይዤዋለሁ።

ተዋናዩ በቴሌቪዥን ከሚታየው አጠር ይላል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ደክሞታል፣ ነጭ ጫማው ጭቃ ገብቶበት እሱን እሱን ያያል። ሕዝቡ ስልኩን አውጥቶ ተጋፋበት። ያን ሁሉ ቀን መንገድ ዳር ያቆመንን ሰው ቀርበን እንጠይቀዋለን ስንል፣ ሁላችንም አብረነው ፎቶ ለመነሣት ተሰለፍን። እኔ አልተሰለፍኩም ብል ደስ ባለኝ፤ ልጄ "አባዬ፣ ፎቶ አምጣልኝ" ብላኝ ነበርና ተሰለፍኩ። አልደረሰኝም።

አንዲት ሴት ቡና ይቅመሱ ብላ ስኒ ስትዘረጋለት "ይቅርታ እናቴ፣ ጨጓራ አለብኝ" አለ። አምባሳደራችን።

ከዚያ እትዬን ካሜራ ፊት አቆሟት። ጋዜጠኛው ማይክራፎኑን ደቀነ። የኔን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጥርት አድርጋ አለችው፦ "በተሰጠን ትኩረት ምርታችን ከአልጋችን ሞልቶ ፈሷል።" አለቆቹ አጨበጨቡ። ሁለተኛውን ስጠብቅ አልመጣም። የተረሳት መሰለኝ። እሷ ግን ዘወር ብላ እጇን እስከ ክንዷ ክምሩ ውስጥ ከተተችና የተጣበቀ፣ ነጭ ፀጉር ያበቀለ ቡና ዘግና ወደ ካሜራው ዘረጋች።

"ይኸውላችሁ፤ ይህ ደግሞ እናንተን ስንጠብቅ የሻገተው ነው። አራት ቀን አትንኩ ተብለን። ልጄ፣ አሽትተው እስኪ" አለችው ተዋናዩን።

አሸተተው፣ እውነቱን ለመናገር። ፊቱን አጨማደደና አለቆቹን ዞሮ አየ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ አንዱ ክንዱን ይዞ "ሰዓት ሄዷል" አለው። ጋዜጠኛው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ "በጣም ጥሩ ነው እናቴ፤ የደስታዋን ብቻ አንዴ ይድገሙልኝ?" አላት። እትዬ አልደገመችም።

መኪኖቹ ሳይጠፉ ሴቱ ወንዱ አልጋው ላይ ተረባረበ። እስኪመሽ በተንን፣ ለየን፣ ጣልን። እትዬ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ጥግ ሄጄ አፍንጫዬን ስናፈጥ የነበርኩት።

ቅዳሜ

በምሽቱ ዜና ታየ። "በድምቀት ተጎበኘ" ይላል። ተዋናዩ ሲወርድ፣ ሲጨባበጥ፣ ሞልተው የፈሰሱት አልጋዎች ከላይ። ከዚያ እትዬ። ዓረፍተ ነገሬ ከነሙሉ ክብሩ ተላለፈ። ከዚያ እጇ ቡናውን ዘርግቶ ይታያል፣ ድምፅዋ ግን የለም፤ በላዩ ላይ ሙዚቃ ለቀውበታል። "አርሶ አደሯ ምርታቸውን በኩራት ሲያሳዩ" ይላል ተራኪው። በኩራት! እርር ድብን አልኩ። ቴሌቪዥኑን ጫማ ወርውሬ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም፤ የባለቤቴ ዓይን አዳነው።

ስልኩ አላቆመም። ማጂ ያለው አጎቴ ሳይቀር "አስካለ አኮራችን! ንግግሯ እንዴት ያምራል" ብሎ ደወለ። ለእትዬ ደወልኩላት። ዜናውን አይታዋለች። "ያንተን ብቻ ነው ያወጡት" አለችኝ። ከተናገረችኝ ሁሉ የባሰው ይኸኛው ነው።

ሰኞ

ተቆጣጣሪው መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከየአልጋው ትንሽ ትንሽ እያፈሰ ያሸታል፣ ይጽፋል። ከእትዬ አምስት አልጋ አራቱን ሰረዘ። ዛፍ ላይ የቀረ ለቀማ አላት፤ እሱን በልዩ ደረጃ ይቀበሏት እንደሆነ ጠየቅሁት። "ቡናው የተበላሸው በራሷ ቸልተኝነት ከሆነ ስሟ ከዝርዝሩ ይወጣል። ከአቅሟ በላይ የሆነ ምክንያት ካላት በጽሑፍ፣ ከቀበሌ ተረጋግጦ ይቅረብ፤ እስከ ነገ እጠብቃለሁ" አለ።

ከሄደ በኋላ አቶ ምትኩ መጡ። አንገታቸውን ደፍተዋል። የሳቸውም ቡና ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል።

"መምህር፣ አንተ ብዕርህ ይሠራል። በዝናብ ተበላሸ ብለህ ጻፍልንና እኔ አረጋግጣለሁ።"

ወረቀት አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ልጽፈው ነበር፤ ዝናቡም ዘንቧል፣ ሙሉ ውሸት አይደለም። እትዬ እጄን ያዘችኝ።

"ዝናብ ከተባለ 'ለምን ሸራ አላለበስሽም?' ይሉኛል። ያኔም ጥፋቱ የኔ ነው። አንተ አትጻፍ፤ እኔ እነግርሃለሁ፣ እሱን ብቻ ጻፍ።"

እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። ትኩረት የለም፣ ተጠቃሚነት የለም። "ቡናዬን እንዳልነካ ከቀበሌ ታዘዝኩ። አራት ቀን አልነካሁም። እሺ ማለቴ ጥፋቴ ነው፤ ትእዛዙ ግን የኔ አይደለም።" ይኸው ነው።

አቶ ምትኩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። "አስካለ፣ ይህን ከፈረምኩ እኔ አለቀልኝ እኮ" አሉ። እትዬ "የርስዎም ቡና አብሮ ነው የሻገተው" አለቻቸው። ግቢው ውስጥ የተረፈውን ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች ጨዋታቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። በመጨረሻ ብዕሩን ከእጄ ወሰዱ።

ፈረሙ። ዓይኔ እያየ ፈረሙ።

ማኅተም ግን የለውም። "ማኅተሙ ቢሮ ነው፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኑ" ብለው ሄዱ። ያለ ማኅተም ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው፣ ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ይመጡ ይሆን ወይስ ነገ "ስብሰባ ሄደዋል" እንባል ይሆን? እትዬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ እንደምትቀመጥ ነግራኛለች። እኔም አንደኛውን ክፍለ ጊዜ አስፈቅጃለሁ።