አለምነሽ የተከለቻት ዛፍ

ፍኖተ ሰላም፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን 2017

ዛፏ አልቆላታል። ባለቤቴ አለምነሽ ከመታመሟ በፊት ጓሮ የተከለቻት፣ ቢች የምትባል የፈረንጅ ዛፍ ናት። ቅጠሏ መሀሉ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ ነጭ ነበር። ችግኟን ዘመዷ ነው ከባሕር ዳር ያመጣላት። ቁመቷ ከወገቤ አላለፈም። የብርድ አገር ዛፍ የእኛን በጋ ከየት ትችለዋለች? መጀመሪያ ነጩ በፀሐይ ተቃጠለ፤ አረንጓዴውም ተከተለ። በጆንያ ጥላ ሠራሁላት፣ ጧት ማታ አጠጣኋት፤ አልሆነም።

አለምነሽ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጧት ጧት "እንዴት አደረች?" ትለኛለች። እኔም "አቆጥቁጣለች" እላታለሁ። ሌላ ምን ልበላት?

ዛሬ ግን "እስቲ ውሰደኝና ልዳብሳት" አለች።

"ፀሐዩ ይመታሻል፣ ሲበርድ ይሻላል" ብላት እምቢ አለች። ደግፌ አወጣኋትና ከዛፏ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኋት። እጇን ዘርግታ ቅጠሉን ብትይዘው መዳፏ ላይ ደቀቀ። ቅርንጫፉንም ነካችው፤ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

አልተቆጣችም። "ሐኪሙ ስለ እኔ ያለህንም እንዲሁ ነው የነገርኸኝ?" አለችኝ።

ቢያንስ "አይደለም" ማለት ነበረብኝ፤ እሱም አልወጣኝ አለ። መዳፏን በቀሚሷ ጠረገችና፣ "በል አስገባኝ፣ ደከመኝ" አለች።

ካስገባኋት ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ናት። ምሳም አልቀመሰች። ቅድም ሁለት ጊዜ በስሟ ጠራኋት፤ መልስ የለም። እንዳልተኛች ግን አውቃለሁ።