የደቦራ ክንድ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ሙሉ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደም ግፊትዎስ እንዴት ነው? እኛ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በረዶው ቀልጧል፤ የሥራ ሺፍቴም ወደ ከሰዓት ተዛወረልኝ።

ልጄ ደቦራ ሃያ ዓመት ሞላት። ለቤተ ክርስቲያን የገዛሁትን ቴምር ከእስራኤል የመጣ ነው ብላ ሱቁ ድረስ ወስዳ መለሰችው! ስንት ዓመት ለእስራኤል የጸለይኩ ሰው ነኝና ጮህኩባት። «ኖ ማሚ፣ ማንንም አልጠላም፤ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ፍልስጤሞች ነው» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲዋም ለእስራኤል ጦር መሣሪያ በሚሸጡ ኩባንያዎች ያዋለውን ገንዘብ እንዲያወጣ ከጓደኞቿ ጋር ግቢው ሣር ላይ ተቀምጠው ይጠይቃሉ። ድንጋይ እንኳ አያነሱም።

እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ ጻፉ ስንባል ስሟን መጻፍ አቃተኝና «ጉልበቴን ያመኛል» ብዬ ሰጠሁ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩልኝ እንባዬ መጣ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ አያስቡ።

ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ስታስር ክንዷ ላይ በማርከር የተጻፈ ስልክ ቁጥር አየሁ። ፖሊስ ቢይዘን የምንደውልለት ጠበቃ ነው አለችኝ። ማርከሩን ተቀብዬ በሌላው ክንዷ ላይ የእኔን ጻፍኩ። «ማሚ፣ ያንቺንማ በቃሌ አውቀዋለሁ» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ወንድማችን ታደሰ በደርግ ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር የወጣ ዕለት ምሳውን ከድነው ያቆዩለት ትዝ ይልዎታል? ሳህኑን ሦስት ቀን ማንም አላነሳውም።

ቤተሰቡን በሙሉ በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ዛሬ ሥራ አልገባሁም። የደቦራን ምሳ ከድኜ ስልኩ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

ታናሽ እህትዎ ማኑ
ፓይንሪጅ፣ ካልጋሪ