የቆረጥሁት ዳርቻ

ረቡዕ

ጉድ ፈላብኝ! የግቢው ባለሟል አንድ የፈረንጅ የዓለም ሥዕል ዘርግቶ፣ «ይህን እንዳለ በብራና ገልብጥ፤ ጃንሆይ ይፈልጉታል» ብሎኝ ሄደ። እኔ እኮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነኝ፤ መላእክት ነው የማውቀው። ጋፋት ብረት ከሚያቀልጡት ፈረንጆች አንዱ እንዲያግዘኝ ታዟል። ሰውየው አማርኛ ይሞክራል። የሱ አገር ላይ የከተማው ስም ግጥግጥ ብሏል፤ የኛ ግን ባዶ ነው። የጉና ተራራ የለ፣ የይፋግ ገበያ የለ! «ሰው የማይኖርበት ነው እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሠሪው እዚህ አልደረሰም» አለኝ። ተናደድሁ። ጉናን አግዝፌ ጨመርሁበት፤ የመጣው ይምጣ።

ዓርብ

የንስሐ አባቴ መጥተው አዩት። ኢየሩሳሌምን ሲፈልጉ ቆይተው ወደ ቀኝ ተገፍታ አገኟት። «የምድር እምብርት ከመቼ ወዲህ ነው ጥግ የቆመችው? መካከል ካልሆነች ልጅህን አላጠምቅም!» ብለው ጥለውኝ ወጡ። ልጄ እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው። ደግሞ ታስላለች። ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆንስ? ለአባ ብታዘዝ ግቢ አይምረኝ፣ ለግቢ ብታዘዝ ልጄ። ባለቤቴ የሺ ታለቅሳለች። እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ቅዳሜ

ቆረጥሁት። በግራ በኩል፣ ከባሕሩ ማዶ ያለውን መሬት በቢላ ሳነሣው ኢየሩሳሌም መካከል ላይ ዋለች! አንዱንም አገር ከቦታው አላነቃነቅሁም፤ የነካሁት ዳርቻውን ብቻ ነው። አባ አይተው «አሁን ዓለም ሆነ» አሉ። ጉልበታቸውን ሳምሁ።

ሰኞ

ልጄ ትናንት ተጠመቀች፤ ተመስገን። ዛሬ ፈረንጁ መጣ። ብራናውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያ መሬትስ?»

«ማንም የሌለበት መስሎኝ…» ስል አቋረጠኝ። ታናሽ ወንድሙ በመርከብ ተሻግሮ እዚያ ነው ያለው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሰፍቼ ልመልሰው ብዬ ቁራጩን ፈለግሁ። ለካ የሺ ብራና አይባክን ብላ ደብተራ ዘንድ ወስዳ፣ በጀርባው ለሳሉ ክታብ አስጽፋበታለች። በቆዳ ተሰፍቶ ልጄ አንገት ላይ ነው። «እኔ ሞቼ እንጂ አይወልቅም!» አለች፤ እኔስ በምን አፌ ልለምናት?

ፈረንጁ ለግቢ አልናገርብህም አለኝ። ልጅቱን ላቅፋት ብቻ አለ። ሰጠሁት። ይህን ስጽፍ ክታቡን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ በራሱ ቋንቋ እያዋራው ነው። ልጄ ተኝታለች። መሽቷል፤ ሂድ ማለትም ይቅር በለኝ ማለትም አቃተኝ።