ሽማግሌ ያልቀደመው መርዶ

ለልጄ ለኤቢ ባልንጀራ፣

እንዴት ከረምክ? ቶርንተን ያሉት እናትህስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደኅና ነኝ። አርባው ካለፈ ወዲህ ሥራ ገብቻለሁ። ስልክ ማንሳት ስለተውኩ በወረቀት ጻፍኩልህ። እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሠኝ።

የእድሩን ሶፍትዌር ግሪን ቫሊ ራንች ባለው ቤቴ ቤዝመንት ውስጥ ስትጀምሩ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ብያችሁ ነበር። ኤቢ ሳቀና እማዬን የቦርድ ሊቀመንበር እናድርጋት አለ። አንተ ግን ሳትስቅ ጻፍከው። ሰው ሲሞት መልእክቱ አስቀድሞ ለሽማግሌዎች ይሄዳል፤ ቤት ደርሰን አርድተናል እስኪሉ የቤተሰቡ ስልክ ዝም ይላል። ስንት እናት በዚህ መርቃችኋለች።

የሶማሌውም የናይጄሪያውም ማኅበር ገባበትና አደገ፤ ኩባንያ ሆኖ አክሲዮኑ ለገበያ ወጣ። ያን ቀን ጨፈርን፣ እኔም ጭምር። ከዚያ ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የማያውቁ ባለአክሲዮኖች በየሦስት ወሩ፣ ለምን ይዘገያል፣ ሌሎቹ በደቂቃ ያደርሱ የለም ወይ እያሉ ጠየቁ። ኤቢ አንድ እሑድ ምግቡን ሳይነካ፣ እማዬ፣ አሁን እኮ የእኛ አይደለም፣ የገዛው ሁሉ ነው አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ይቅደም የሚለው ከሶፍትዌሩ ወጣ።

ያን ማክሰኞ ኦሮራ፣ ሥራዬ ላይ፣ ለአንዲት አሮጊት ካልሲ ሳጠልቅ ስልኬ ነዘረ። የእድሩ መልእክት ነበር፤ የልጄን ስም አነበብኩ። ሌክውድ ስብሰባ ላይ ልቡ ቆሞ፣ የእድሩ ጸሐፊ እንደ ድሮው ሽማግሌዎቹን የሚጠራ መስሏት ስሙን አስገብታ ኖሯል። አንተና ሽማግሌው ጋሽ ምናሉ ልታረዱኝ መንገድ ላይ ነበራችሁ። ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቅኩላቸው።

የሽማግሌዎቹን ነገር ያስወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ኤቢ እስከ መጨረሻው ተከራክሮኛል ብለህ ለጋሽ ምናሉ መናገርህን ሰማሁ። ሰዉም ተቀየመህ። ባለፈው ሳምንት የኤቢን ኮት ለሰው ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ ያን ነገር ያስወጣችሁበትን ስብሰባ ወረቀት አገኘሁ። ከታች ሁለት ፊርማ አለ፣ ያንተም የልጄም። ፊርማ ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። መልሼ አጥፌ አስቀመጥኩት፤ ለማንም አላሳየሁም።

ሁለት ቅዳሜ ደጄ ላይ ፓርክ አድርገህ ሳትወርድ ስትሄድ በመስኮት አይቼሃለሁ። በመጪው ቅዳሜ ውረድ፣ ምሳ አለ። ለሰው ያልከውን አልነካም፤ የልጄ ስም ሲነሳ እኔም ደካማ ነኝ። ለእኔ ግን መድገም የለብህም።

አምላክ ሸክምህን ያቅልልህ። እናትህን ለአንተ፣ አንተንም ለእሳቸው ያቆይ።

እናታችሁ