ዓይን ለሌለው መንጃ ፈቃድ፣ ዓይን ላላት ምክር

ሰበታ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር የመንጃ ፈቃድ መርማሪ ሹም
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የክረምቱን ጭቃ አሻግሮ ለአዲሱ ዓመት ያበቃን አምላክ እርስዎን ከነመላው ቤተ ሰብዎ በጤና እንዲጠብቅልን፣ ይልቁንም የዓይንዎን ብርሃን እንዳይነሳዎ እየጸለይኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል።

እኔ ማሪቱ ገብረየስ እባላለሁ፤ የሰበታ ነዋሪ፣ የአራት ልጆች እናት፣ የአቶ ወንዳፍራሽ ባለቤት ነኝ። አባቴ ቄስ ስለ ነበሩ ፊደል አስቆጥረው ዳዊት አስደግመውኛልና፣ ይህንን ደብዳቤ ማን ጻፈላት ብለው በመመራመር አይድከሙ። ሀብታችን አንዲት አሮጌ ፊያት የጭነት መኪና ናት፤ ከሱሉልታ ድርቆሽ፣ ከቡራዩ ድንጋይ፣ ከሰበታ እህል እያመላለሰች ቤታችንን ታሳድር ነበር። ደብዳቤዬን በጋዜጣ በኩል መላኬም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ያድርስብኝ እንዴ! የጭነት መንጃ ፈቃድ እንዴት ይወጣል እያሉ ለሚጠይቁኝ የሰፈራችን ሰዎች፣ ከእርስዎ የተማርኩትን ላካፍል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ፈቃድ ፈላጊው የሚያይ ዓይን አያስፈልገውም።

ባለቤቴ ጣልያን ከወጣ ጀምሮ መሪ የያዘ ሰው ነው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ግን ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ጥላና ብርሃን ይለያል እንጂ አንዱን ልጁን ከሌላው የሚለየው በድምፅ ነው። መንጃ ፈቃዱ ግን ምንም አልታመመም፤ በየዓመቱ ይታደሳል። መኪናዋን የምነዳው እኔ ነኝ። ምሥጢር አወጣች አይበሉኝ፤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በአፌ ብነግርዎ፣ «አይ አንቺ፣ ተጫዋች ነሽ» ብለው ስቀዋል። ሌላ ሹም ቢሆን ያሳስረኝ ነበርና ስለ ሳቅዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ልማዳችን እንዲህ ነበር። ኬላው ከመድረሳችን በፊት፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ መኪናዋን አቆምና ቦታ እንለዋወጣለን። እርሱ መሪውን ይይዛል፤ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ እንደ ጨዋ ሚስት ከጎኑ እቀመጥና በከንፈሬ ጫፍ «ቀጥ በል፣ ቀስ በል፣ አሁን ፍሬን» እለዋለሁ። ዘበኛው «ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ እንደምን ዋሉ!» ብሎ እጅ ሲነሣ እርሱም ወደ ድምፁ ዞሮ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ኬላውን ስናልፍ እንደገና እንለዋወጣለን። ሕጉም አይከፋውም፣ እኛም እንኖር ነበር።

ሁለተኛ፣ መኪና በየት በኩል እንደሚሄድ በአፍ ማወቅ ይበቃል።

ባለፈው ሰኔ የአገሩ መኪና ሁሉ ግራውን ትቶ በቀኝ እንዲሄድ በታዘዘ ጊዜ ሁላችንም እሺ ብለን ታዘዝን። ባለቤቴ ግን መንገዱን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በልቡ ነው፤ በልቡ የያዘውም የግራውን ነው። በዚያው ሰሞን ኬላው አጠገብ መሪውን ስሰጠው እጁ በለመደው በኩል ወሰደው። እኔ «ቀኝ! ቀኝ!» ስል፣ እርሱ «ቀኝ ነኝ እኮ!» ሲል፣ ኦቦ ዱቤ የሚባሉ ገበሬ እንጨት የጫነች አህያቸውን እየነዱ ፊት ለፊታችን ብቅ አሉ። ዘልዬ መሪውን ጠመዘዝኩት። ኦቦ ዱቤ «ያ ዋቃዮ!» ብለው በኦሮምኛ አምላካቸውን እየጠሩ ቦዩ ውስጥ ተዘረሩ፤ አህያይቱም እንጨቷን አራግፋ ፈረጠጠች። ነፍስ ተረፈ፤ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ይቅርታ ልንጠይቅ ቤታቸው ስንሄድ ኦቦ ዱቤ እርጎ አስቀርበው፣ «ኦቦ ወንዳፍራሽ፣ እኔ ቂም የለኝም፤ ግን ያለኝ አንገት አንድ ነው» አሉት። ባለቤቴ ከዚያ ወጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ከእንግዲህ መሪ ብይዝ እጄ ይቆረጥ» ብሎም ማለ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፣ ክቡር ሆይ። መኪናዋም ከዚያ ወዲህ ደጃችን ቆማ ዶሮ ሰፍሮባታል፤ ልጆቼም የጎረቤት ሌማት ማየት ጀምረዋል።

ሾፌር ለምን አትቀጥሪም ለሚሉኝ፣ የባለቤቴ ዓይን እንደ ደከመ ሰሞን ቀጥረን ነበር። ፈቃዱ የተሟላ፣ ዓይኑም የሚያይ ጎልማሳ ነበር፤ በዚሁ ዓይኑ ቡራዩ ላይ አንዲት ቆንጆ አየና አገባ፤ ከዚያ በኋላ በእኛ መኪና ለአማቶቹ ቤት ድንጋይ ሲያመላልስ ከረመ። መኪናዋን ያስመለስናት በሽማግሌ ነው።

ሦስተኛ፣ ማስረጃ ሁሉ የሚያስፈልገው ለሚያይ ሰው ነው።

የጠባይ ምስክርነት ከአጥቢያ ዳኛ አምጪ አሉኝ፣ አመጣሁ። የሐኪም ወረቀት አሉኝ፣ አመጣሁ፤ ሐኪሙ ከግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሿን ፊደል ሳይቀር አስቆጥሮኛል። ዋስ አሉኝ፤ ጭነታቸውን የምናመላልስላቸው የሰበታው ነጋዴ ሐጂ ከድሩ «እርሷ ስትነዳ ተኝቼ አድራለሁ» ብለው ፈረሙልኝ። ይህንን ሁሉ ጠረጴዛዎ ላይ ስደረድር ወረቀቱን ሳይሆን ቀሚሴን አይተው፣ «ጎማ ቢፈነዳ ማን ይለውጥልሻል?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ጎማዬ ማሰብዎ አንጀቴን በላው። ክሪኩን ከሥር ከትቼ፣ ብሎኑን ፈትቼ፣ ጎማውን እየደገፍኩ የማወርደው እኔ ራሴ ነኝ ብልዎ፣ «ሴት ልጅ ጭነት ስትነዳ ታይቶ አይታወቅም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ኬላው ላይ ሁልጊዜ ባለቤቴ ነው የሚታየው። በመጨረሻም ትንሽ መኪና ብነዳ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም እንደሚመቸኝ መከሩኝ። ትንሽ መኪና ስለሌለኝ ምክርዎን እስክገዛ ድረስ አስቀምጬዋለሁ።

አራተኛ፣ ሹም ፊት እውነት መናገር ጨዋነት ነው ተብሎ ይታለፋል።

«ባልሽ ራሱ መጥቶ ይፍቀድልሽ» ስላሉኝ ይዤው መጣሁ። ሲገባ በትከሻው መቃኑን ገጨው፤ ቀጥሎም በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ካፖርትዎን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እርስዎም «እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!» ብለው ወንበር አስመጡለት። ባለቤቴ ሳይቀመጥ፣ «ጌታዬ፣ እኔ አላይም። ሚስቴ ትንዳ» አለ። ምን ያድርግ? ሹም ፊት ቀርቦ «እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ምን ችዬ» ማለት ወግ በሆነበት አገር እርስዎም ትሕትና መስሎዎት ተደሰቱ። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ የእርስዎ ልብ ያያል» አሉት። «ኧረ ጌታዬ፣ በእውነት አላይም» ብሎ ሲምልም ይበልጥ አከበሩት። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጠየቁት፤ መኪና አሁን የሚሄደው በየት በኩል ነው? «በቀኝ» አለ። ማኅተሙ ወረደ።

ለሚስቱ ፈቃድ ሊጠይቅ የመጣው ሰው የራሱን አሳድሶ፣ ያውም ደረጃው ከፍ ተደርጎለት ተሳቢ እንዲጎትት ተፈቅዶለት ወጣ። ለእኔም «ባልሽን ተንከባከቢ» የሚል ቃል ደረሰኝ። ደረጃውን ስንወርድ ክንዱን ይዤ የመራሁት እኔ ስለ ሆንኩ ትእዛዝዎ ወዲያው ተፈጽሟል።

እዚህ ሰበታ ለዓይነ ሥውራን የተሠራ ደኅና ትምህርት ቤት አለን። ተማሪዎቹ በጣታቸው ሲያነቡ አይቼ ተደንቄያለሁ። መሥሪያ ቤትዎ እዚያ አጠገብ ቅርንጫፍ ቢከፍት ብዬ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ አስተዋዮች ናቸውና መኪና ንዱ ብትሏቸው እምቢ ይሏችኋል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ሹመት አይደለም፣ ይፈትኑኝ ብቻ። በፈለጉት አቀበት፣ በፈለጉት ጭነት ይፈትኑኝ፤ ከወደቅሁ መኪናዋን ሸጬ ጠላ እጠምቃለሁ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ረሀብ ከጠና መሐላ አይጸናም፤ ባሌም አንድ ጧት የልጆቹን ለቅሶ ሰምቶ ቁልፉን ያነሣል። ያን ጊዜ የሚሞተው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማኅተሙ የማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ላደረጉልኝ ሁሉ ውለታዎን የምከፍልበት አቅም የለኝምና፣ የሁሉን ሥራ የሚያየው አምላክ እንደ ሥራዎ ይክፈልልኝ።

የደጅዎ ትጉህ ተመላላሽ፣ ምክርዎን ተቀብላ ፈቃድዎን ያጣች፣ ዓይኗ ደኅና በመሆኑ እርስዎን ያስቸገረች ታዛዥዎ፣

ማሪቱ ገብረየስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው የፈራሁት ደረሰ። ባለቤቴ «መንግሥት ታያለህ ካለኝ አላይም የምል እኔ ማነኝ?» ብሎ ለመጪው ሰኞ ተሳቢ ተውሷል፤ ከሱሉልታ ድርቆሽ ጭኖ በእንጦጦ ቁልቁለት ይወርዳል። ብለምነው፣ ባለቅስ እምቢ አለኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ አንድ ወላጅ እንኳ እንዲቀርላቸው እኔ ከጎኑ እንዳልቀመጥ። ስለዚህ ወንበሩ ባዶ ነው። ዓይኑን መርምረው ያጸደቁለት እርስዎ ስለ ሆኑ፣ ከእርስዎ የተሻለ ተሳፋሪ አላገኘንለትም፤ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሱሉልታ ገበያው ዳር ይጠብቅዎታል። መምጣት የማይመችዎ ከሆነ ምክንያቱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግዎትም፤ እስከ እሑድ ድረስ የእኔን መንጃ ፈቃድ ይላኩልኝ።