የፊታውራሪው መውጫ ድንጋይ

ሐሙስ፣ ግንቦት 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

አልሄድም ብያለሁ። ይጻፉ መሪጌታ፣ አልሄድም ብሏል ብለው ይጻፉ። ሐረር ያለው ወታደር ልጄ ይህን ደብተር ልኮ የቤቱን ወሬ ቀን በቀን ያስጽፉልኝ ስላለ ነው እንጂ፣ እኔ ጎረቤቴን መሪጌታን ለጠላ እንጂ ለጽሕፈት ጠርቻቸው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው ልጄ። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለው የድሮው የፊታውራሪ ግቢ መናፈሻ ሆኗል። አበባ ተክለውበታል። በዛፉ ሥር ሰው የሚንሸራሸርበት መንገድ አውጥተውለታል። እሑድና በዓል ሲሆን ለሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ ዝናቡ ሲገባ ይዘጋል አሉ። እናትህ ጥሩወርቅ ይህን ከገበያ ሰምታ መጣች። እንሂድ፣ እስከ ምንጩ ወርደን እንመለስ አለች። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ያድርጉልኝ ብላኝ የማታውቅ ሴት ናት።

ምንጩን ነግሬሃለሁ። እኔ የፊታውራሪው ፈረስ ጠባቂ፣ እሷ የወጥ ቤቱ ውሃ ቀጂ ነበርን። አንድ ቀን ፈረሶቹን አስገብቼ ውሃውን አደፈረስኩባትና በአገውኛ ሰደበችኝ። እንደዚያ ያማረ ስድብ እስካሁን አልሰማሁም።

ታዲያ ለምን አልሄድም? ጉልበቴ ነው። ለእናትህ አልነገርኳትም። ከፈረሴ ከዳማ ላይ ከወረድኩ ተመልሼ መውጣት አልችልም። ጠዋት ጠዋት ፈረሱን ጓሮ ወስጄ፣ የፍግ ክምር ላይ ቆሜ ነው የምወጣው። በደጅ ስመጣ ሰው የሚያየኝ ከላይ ሆኜ ነው። ያገራችንን ሰው ታውቀዋለህ። በጊዮርጊስ ዕለት ከጎረምሳ እኩል የሚጋልብ ሽማግሌ ይከበራል፤ ደግፉኝ ብሎ የሚወጣ ግን የዓመት መሳቂያ ነው። እኔ ራሴ በስንቱ ስቄያለሁ።

መሪጌታ ይስቃሉ። ሳቁንም ይጻፉት ብያለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ሄድን። ምን ላድርግ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። በቅሎ ልለምንልሽ ብላት እምቢ አለች። እግሯ የፍየል ነው፤ ዳማን ትቀድመዋለች።

እኔ ከነፈረሴ እገባለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። በሩ ላይ ኮቱ የሰፋው ጎልማሳ ዘበኛ ቆሟል።

«አባቴ፣ ፈረስ ወደ አበባው አይገባም። ወርደው ይግቡ» አለኝ።

በትሕትና ነው ያለኝ፤ የበለጠ የተናደድኩትም ለዚህ ነው። በዚህ በር በእግሬ ገብቼ አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፤ ፈረሶቹን ከግጦሽ ስመልስ ሁልጊዜ አንዱ ላይ ነበርኩ። ትእዛዝ ነው አለ። አልወርድም አልኩ። ከኋላችን ሰው ተሰብስቧል፤ የአዲስ ቅዳም ነጋዴዎች ሳይቀሩ ቆመው ያያሉ።

ጥሩወርቅ ቀና ብላ አየችኝ። ብቻዋን ገባች።

እኔ አጥሩ ሥር፣ ዳማ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ፀሐይ ሲመታኝ ቆየሁ። ዳማ እንኳ ሰለቸው። አባትህ እዚያ ምን ይመስል እንደነበር አልነግርህም።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ትናንት ብዙ አላወራችም። ዛሬ ምስር እየለቀመች ነገረችኝ። አዳራሹ ፈርሶ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል፣ ሐረግ ወጥቶበታል። ወጥ ቤቱ የነበረበት ጽጌረዳ ሆኗል። ያ ሁሉ ጭስ ጽጌረዳ ሆነ ብላ ሳቀች። የቀርከሃው ደን አለ፤ መንገዱ በመሃሉ ያልፋል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። የፊታውራሪው መውጫ ድንጋይም ከበሩ ገባ ሲሉ በቀኝ በኩል እንዳለ ነው።

ያን ድንጋይ እንዴት እረሳለሁ። ፊታውራሪው ወፍራም ነበሩ፤ በቅሏቸው ላይ የሚወጡት ከዚያ ድንጋይ ላይ ቆመው ነው። ልጓሙን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከድንጋይ ላይ የሚወጣ ሰው ጆንያ ነው እያልን፣ እኛ ፈረስ ጠባቂዎቹ፣ ከኋላቸው እንስቅ ነበር። ይህን አስታወስኳት። እሷ አልሳቀችም።

ምንጩስ አልኳት። አልወረድኩም አለች። ለምን?

«ብቻዬን ወርጄ ማንን ልሳደብ?»

እኔም ምስሩን መልቀም ጀመርኩ። መሪጌታ ይመስክሩ፤ እኔ ምስር ለቅሜ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ስለ ድንቹ ጠይቀህ ነበር፤ በቅሏል። ላሟ ደህና ናት። የዳማን ኮቴ አየሁት፣ እሱም ደህና ነው።

ጥሩወርቅ ቅርጫት ልገዛ ነው ብላ በጠዋት ወጣች። ቀትር አልፎ ባዶ እጇን ተመለሰች። ጥሩ ቅርጫት የለም አለች።

ጉልበቴ ባሰ። ከፍጉ ላይ ስወጣ ተንሸራተትኩ። ከዶሮዎቹ በቀር ያየ የለም።

ራት ላይ፣ ነገ ሚካኤል ነው፣ መናፈሻው ይከፈታል አለች። አውቃለሁ አልኩ። ከዚያ እንሄዳለን የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ማን እንዳናገረኝ እንጃ።

ረቡዕ፣ ሚካኤል

ወረድኩ። በሩ ላይ፣ ሰው እያየ፣ እግሬን አሻግሬ ወረድኩ። መውረዱስ ቀላል ነው። ዳማን ለዘበኛው ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ።

ዱላዬን ይዤ ገባሁ። መንገዱን ደህና አድርገው ሠርተውታል፣ ዳርና ዳሩን ድንጋይ ደርድረውበታል፤ አልክድም። አበባው ግን አይበላ፣ አይሸት። ጥሩወርቅ ከፊቴ ነበረች። ቀርከሃው ውስጥ ስንገባ አንዴ ቅጠል እያየች፣ አንዴ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ኋላ ቀረችልኝ። ነጠላዋ ምንም አልሆነም።

ምንጩን በድንጋይ ከበውታል። ውሃው ግን ያው ነው፣ ጥርስ ያማል። ጎንበስ ብዬ በዱላዬ አደፈረስኩት። ሰደበችኝ። ያንኑ ስድብ፣ አንድ ቃል ሳትረሳ። አጠገባችን የነበሩ ሁለት የከተማ ሴቶች የተጣላን መስሏቸው ሸሹ።

ከዚያ አስቀመጠችኝና ሱሪዬን ሰብስባ፣ ቀዝቃዛውን ውሃ በእፍኟ እየዘገነች ጉልበቴ ላይ ታፈስስ ጀመር። ምን መሆንሽ ነው አልኳት።

«ልብስ የማሰጣው የት ይመስልዎታል? ጓሮ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ፍጉ ላይ ሲወጡ አያለሁ።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?

«አንዴ ከወጡ በኋላ ያምርብዎታል» አለች።

ስንመለስ ዳማ በሩ ላይ የለም። ደነገጥኩ። ለካ ከፊታውራሪው ድንጋይ አጠገብ ቆሟል፤ ልጓሙን ዘበኛው ይዞታል። ጥሩወርቅ ትናንት የሄደችው ለቅርጫት አልነበረም፣ ዘበኛውን ይህን ልትለምነው ነው። እዚህ ጋ አበባ የለም፣ ትእዛዙ አልተሻረም አለ ዘበኛው፣ ወደ ሌላ እያየ።

ልጓሙን ተቀበለችው። ድንጋዩ መሃሉ ጎድጉዷል፤ የፊታውራሪው እግር ነው። እግሬን እዚያው ላይ አደረግሁ። ሰው ያያል።

«ጆንያው ይውጣ» አለች፣ እኔ ብቻ እንድሰማ።

ወጣሁ። ፊታውራሪውን ነፍስ ይማር አልኩ፤ ከልቤ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ጉልበቴ አብጧል። እናትህ ቅቤ ቀባችኝ።

ጎረቤቶቼን ጠርቼ ከወንዙ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስመጣሁ። ጓሮ እናድርገው ወይ አሉኝ። ደጅ ነው አልኩ፤ በሩ ፊት፣ መንገደኛ የሚያልፍበት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ልዋሽ አሰብኩና ተውኩት። ለመውጫዬ ነው አልኳቸው። አንዱ ሳቀ። የሳቀውን አውቀዋለሁ፤ የእሱም ጉልበት ይመጣል።

አሁን ጥሩወርቅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ምስሯን ትለቅማለች። ነገ ጠዋት በደጅ እወጣለሁ። ማን ቆሞ እንደሚያይ እንጃ። መሪጌታ እመጣለሁ ብለዋል፤ ሳይስቁ።