ከሬንጁ ስር ያለች አሸንዳ

ውድ ወንድምዓለም፣

በመጀመሪያ፣ እማማ ደህና ናት። ፖስታው ላይ የእኔን እጅ ጽሑፍ ስታይ ልብህ ክፉ ክፉውን እንደሚያስብ ስለማውቅ ነው ቀድሜ የምነግርህ፤ የታመመ የለም፣ የሞተም የለም። ስልክ መደወል እችል ነበር። ግን ዘጠኝ ዓመት የዘጋሁትን አፍ በስልክ ልክፈተው ብል ቃል ይጠፋብኛል፤ አንተም ድምፄን ሰምተህ ብትዘጋብኝ አልፈርድብህም። ስለዚህ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። የምጽፍልህ ስለ መኪናዋ ወለል ነው።

አሮጊቷ ዛሬም አለች። አባባ ከሞተ በኋላ ለእማማ ስንል እንደገና ነፍስ የዘራንባት፣ አንተ በያጁ ወለሏን፣ እኔ መስታወት ገጣሚው የፊት መስታወቷን ያደስንላት ያችው መኪና። ጠዋት ጠዋት «አሮጊቷ እንዴት አደረች?» ስል እማማ ዛሬም «እኔን ነው እሷን?» ትለኛለች። «ሁለታችሁንም» እላታለሁ። «እኔ በራሴ እነሳለሁ፤ እሷን ሂድና ግፋት» ትላለች።

የማታውቀው ነገር ቢኖር እማማ የት እንደምትቀመጥ ነው። ከተጣላንበት ቀን ጀምሮ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። በማግስቱ በሩን ከፍቼ «እማማ፣ ግቢ» ስላት አልፋኝ ሄዳ የኋላውን በር ከፈተች። «ምነው?» ብላት፣ «እዚያ ወንበር ላይ እግሬ ቢርስ ልጆቼ ተጣሉ፤ እስክትታረቁ ቦታዬ እዚህ ነው» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እያለች ስትመክረኝ ከረመች፤ አንተ ራቅህ እንጂ ወለሉስ አልደረቀም ነበር። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀምጣ ሳመላልሳት ኖርኩ። ባለፈው ክሊኒክ ይዣት ስሄድ ዘበኛው «ሹፌሩ ውጭ ይጠብቅ» አለኝ፤ እሷም አላስተባበለችም።

ያን ቀን እንደማትረሳው አውቃለሁ። ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ነበር። እማማ ከመኪናዋ ወርዳ ጫማዋን ብታወልቅ ካልሲዋ ይጨመቃል። እኔ ያንን ካልሲ በእጄ እንደያዝኩ በቀጥታ አንተ ጋራዥ መጣሁ። ደንበኞችህ ቆመዋል፤ ባለአውቶብሱም አለ። የአውቶብሶቹን መስታወት ሥራ ለእኔ ሊሰጠኝ እያሰበ የነበረው ሰውዬ፣ ያውም አንተ ራስህ ያስተዋወቅከኝ። እኔ ግን ያየሁት አንተን ብቻ ነው። ካልሲውን ጠረጴዛህ ላይ ጥዬ «ቀዳዳህን በሬንጅ ሸፍነህ ለእናትህ አስረከብክ፤ ለባዳ እንኳ እንዲህ አይደረግም» አልኩህ። የብየዳ መነጽርህን ወደ ግንባርህ ከፍ አድርገህ አየኸኝ። ቀጥለህ ባለአውቶብሱን አየኸው። ከዚያ ቀስ ብለህ «መስኮት፣ ምንጣፉን አንስተህ እይ» አልከኝ፤ በዚያው በልጅነቴ ባወጣህልኝ ስም። ሌላ ቃል አልተነፈስክም። እኔም «የሸፈንከውን ራስህ ግለጠው» ብዬ ወጣሁ።

በወሩ ሌላ ከተማ ሥራ ይዘህ ሄድክ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለማሸት እንኳ አልሞከርኩም። እሑድ እሑድ ለእማማ ስትደውል ደጅ ወጥቼ የመኪናዋን ጎማ አያለሁ። እንደ እሷ ጎማዋ የታየላት መኪና በዓለም ላይ ያለች አይመስለኝም።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲበረታ መሽተት ጀመረች። እማማ ከኋላ ወንበር ሆና አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ «ወይ አድርቃት፣ ወይ ሽጣት» አለችኝ። ወለሏ በስብሶ ከሆነ ደግሞ ለቁርጥራጭ ብረት ካልሆነ የሚፈልጋት የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ግቢያችን ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለማድረቅ ብቻ አልነበረም። ቀዳዳውን ፍለጋ ነበር። አግኝቼው፣ ፎቶ አንስቼው፣ «ይኸው!» ልል ነበር። ለማን እንደምል አላውቅም። ደግሞም ማግኘቱን ፈርቼዋለሁ፤ ቀዳዳው ካለ አንተ እናታችንን ያታለልክ ሰው ነህ ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ በዓይኔ አይቼ መኖር አልፈልግም ነበር።

ፊት ወንበሩን አራት ብሎን ፈትቼ አወጣሁና መሬት ላይ አስቀመጥኩት። የጨርቁን ምንጣፍ ስገልጠው ከስሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ከዚያ በታች የወለሉን ጩኸት እንዲያፍን ብለህ ያጣበቅከው ጥቁሩ የሬንጅ ምንጣፍ መጣ። ከላሜራው ጋር አንድ አካል ሆኗል። መጀመሪያ ሙቅ አየር በሚነፋው መሣሪያ ሞከርኩት፤ እንደ ማስቲካ ተጎተተ፤ መፍቂያዬን ያዘ፣ ጓንቴን ያዘ፣ ሱሪዬን ያዘ። እማማ በርጩማዋን አምጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። «አንተ ነህ ሬንጁን የምትነቅለው ወይስ እሱ ነው አንተን?» ትለኛለች።

ጎረቤታችን ቀለም ቀቢው ንጭንጬን ሰምቶ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ሬንጅን ስታሞቀው ይወድሃል፤ አቀዝቅዘህ ምታው» አለኝ። አይስክሬም ከሚያከፋፍሉት ሰዎች ያንን የሚጨስ ደረቅ በረዶ በካርቶን አመጣልኝ። በሮቹን ሁሉ ከፍተን፣ ወፍራም ጓንት አድርገን ሬንጁ ላይ በተንነው። ትንሽ ጠብቄ በመዶሻ አንድ ጊዜ ቆርቆር ባደርገው ጠቅ አለ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ መስታወት ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ሌላ ቀን ብሰማው ኪሳራዬን ማስላት እጀምር ነበር። ያን ቀን ግን ሬንጁ እንደ ሸክላ እየተሰባበረ ሲነሳልኝ ደስ አለኝ።

ከስሩ ቀዩ የጸረ ዝገት ቀለምህ ወጣ። ከዚያ የብየዳህ መስመር ወጣ፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጥሩ ልብስ ስፌት የተስተካከለ፣ አንዲት የዘለልካት ቦታ የለችም። በጥፍሬ ሄድኩበት። በመፍቂያው ጫፍ ወጋሁት። ቀለም ቀቢው ከስር በባትሪ እያበራ እኔ ከላይ ተደፍቼ አየሁ፤ አንዲት የብርሃን ነጥብ አላለፈችም።

«አገኘኸው?» አለች እማማ።

«የለም።»

«ምኑ?»

«ቀዳዳው።»

እዚያው ባዶው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ትንፋሼ ስንት ዓመት ያልደረሰበት ቦታ ድረስ ገባ። ወንድምዓለም፣ ተሳስቼ መገኘቴ እንዲህ ያሳርፈኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ግን ውሃው ነበረ፤ ከየት መጣ? እግር ማሳረፊያው ጋ የቀረውን ሬንጅ ሳነሳ ነው አሸንዳህን ያገኘኋት። ሁለት ጣት የምትሰፋ፣ ከስስ ላሜራ ያጠፍካት፣ ከፊት መስታወቱ ጥግ ስር ተነስታ ግድግዳውን ተከትላ እስከ ወለሉ ዝቅተኛ ቦታ ወርዳ አንዲት ክብ ቀዳዳ ላይ የምትቆም። ቀዳዳዋ ከስር በሬንጅ ተደፍናለች። እማማ ያኔ ፊት ስትቀመጥ «እግሬ ስር እብጠት አለ» ስትል የነበረው ይህችን አሸንዳ ነው፤ እኔ ደግሞ «የበያጅ ሥራ ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ» እል ነበር። ወለል የሚበይድ ሰው አሸንዳ የሚሠራው ውሃው ከላይ እንደሚመጣ ሲያውቅ ነው። ከላይ ያለው ደግሞ የእኔ መስታወት ነው።

በጆግ ውሃ ይዤ መስታወቱ ጥግ ላይ አፈሰስኩ። መስታወቱን ዙሪያውን በያዘው ጎማ አልፎ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ ወርዶ፣ አሸንዳህ ውስጥ ገብቶ፣ የተደፈነችው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ተጠራቀመ። ጎማውን ያኔ አንድ ጣት ያህል አሳጥሬ ቆርጬው ኖሯል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለችው እኔ ነኝ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ቀዳዳዋን የደፈንኳት እኔ ነኝ። ከመጣላታችን ሁለት ሳምንት በፊት መኪናዋን ከዝገት ላድን ብዬ፣ ለእማማም ለአንተም ሳልናገር፣ ከስሯ ገብቼ ሬንጅ ቀብቻት ነበር። ቀዳዳዋን አይቻታለሁ። «ወንድሜ አንዷን ረስቷታል» ብዬ ስቄ በብሩሽ ደጋግሜ ጠቀጠቅኩባት። ውለታ የዋልኩልህ መስሎኝ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ውሃው በአሸንዳህ ወርዶ በቀዳዳህ ሲፈስ የእማማ እግር ደረቅ ነበር፤ እኔ በደፈንኩ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ካልሲዋ ራሰ። ያንኑ ካልሲ ይዤ ነው አንተ ላይ የመጣሁት። የደፈንኳትን ቀዳዳ እያሰብኩ «ሌላም ይኖረዋል» ብዬ ነበር እንዲያ ልቤ የሞላው።

የቆጨኝ ይህ ነው፦ አንተ አታውቅም። ምናልባት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አሸንዳዬ የቱ ጋ ነው የሳተችው?» እያልክ ይሆናል። አልሳተችም። ከሠራሃት ቀን እስከ ዛሬ ትክክል ናት። ከላይ ያለው ስህተት የእኔ ነው፣ ከታች ያለውም የእኔ ነው፤ መሃሉ ብቻ ነው ያንተ፣ እሱ ደህና ነው።

ለምን ያኔ እንዳልተናገርክም ገብቶኛል። «ውሃው በአንተ መስታወት ነው የሚገባው» ብትል እውነት ነበር፤ ግን ባለአውቶብሱ አጠገባችን ቆሟል። ሆድ ይፍጀው አልክ። ሰውዬው በሳምንቱ ሥራውን ሰጠኝ፤ ሱቄ የቆመው በዚያ ሥራ ነው። አንተን ሰድቤ፣ ባንተ ዝምታ እንጀራዬን ስበላ ኖሬያለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ልለማመደው ስሞክር እማማ ሰምታኛለች።

ከመኪናዋ ስር ገብቼ ሬንጄን በምስማር ፈልፍዬ አወጣሁና ውሃውን እንደገና አፈሰስኩ። እማማ ጎንበስ ብላ መሬቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል አየች።

«ያውቅ ነበር ማለት ነው» አለች።

«አዎ።»

«በየሳምንቱ እየደወለ ለእኔ እንኳ ትንፍሽ ሳይል።» ራሷን ነቀነቀች። «አንዱን አፍ ሰጠሁት፣ አንዱን ሆድ። ምናለ እኩል አካፍያችሁ ቢሆን።»

ከዚያ ከበርጩማዋ ተነሳች። ቤት የምትገባ መስሎኝ ነበር። መሬት ላይ ወዳስቀመጥኩት ፊት ወንበር ሄዳ አቧራውን በእጇ ጠርጋ ተቀመጠችበት፤ ጫማዋንም አውልቃ እግሯን ዘረጋች። «እናትህ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች ብለህ ጻፍለት» አለችኝ። «ገና አልታረቅንም እኮ፣ እማማ» ብላት፣ «እኔ ቦታ ልያዝ፤ እናንተ ትደርሳላችሁ» አለች።

የፊት መስታወቱን አውርጄዋለሁ፤ አዲስ ጎማም አለኝ፤ ያንን ጥግ ግን አንተ ሳትለካው አልቆርጥም። አዲስ ምንጣፍም አላነጠፍኩም። ቀለም ቀቢው መቼ እንደምንሸፍነው ሲጠይቀኝ «የሠራው ሰው መጀመሪያ ይየው» ብዬዋለሁ። ወንበሩ እንደተፈታ ነው፤ አራቱ ብሎኖች ጣሳ ውስጥ ይጠብቁሃል። እማማ በየጠዋቱ ሄዳ ትቀመጥበታለች። ትናንት ጎርፍ የሚመስል ዝናብ ዘነበ፤ ባዶውን የመስታወት ቦታ በላስቲክ ሸፍኜው አደርኩ። ዛሬ ጠዋት «አሮጊቷ እንዴት አደረች?» ብላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔን ነው እሷን?» አላለችኝም።

«ሁለታችንም ደርቀን አደርን» አለችኝ። «ለወንድምህ ንገረው።»

ታናሽህ፣
መስኮት